ፕሮፋይሏ ሜሲ፣ ጨዋታዋ ፍቅር

«ሴቶች ጌም አይጫወቱም።»

ክርክሩን ያስነሳው ይህ የአጎት ቃል ነው። ሰውየው በስሚ ስሚ የሚናገር አይደለም። ሱሉልታ ላይ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ከትምህርት የተለቀቀው ተማሪ፣ ከልምምድ የተመለሰው ሯጭ፣ ተራ የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል። ሴት ከገባች ወይ ወንድሟን ለምሳ ልትጠራ ነው፣ ወይ የሞባይል ካርድ ልትጠይቅ።

ሰሚዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ቡራዩ ውስጥ የአማርኛ መምህርት የሆነች፣ የአሸዋ ሜዳ ሰፈር ሰው ሁሉ «ቲቸር» የሚላት ታላቅ እህቱ ናት። ሌላዋ ከሰበታ የመጣች የእህታቸው ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ግን አሁንም ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ታክሲ ቀያይሮ ነው። ዘመዳሞቹ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ስለሆነ የተነሳ ጉዳይ ቶሎ አይተውም።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ አንተ የምትቆጥረው ወንበርህ ላይ የተቀመጠውን ነው። እኔ የምጫወተው አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነው።

አጎት፦ ምን? ካንዲ ክራሽ?

ልጅቷ፦ የፍቅር ጌም።

አጎት ስኒውን አስቀምጦ ሳቀ። «ፍቅር ደግሞ በጌም!»

የጌሙ አሠራር ቀላል ነው። ተጫዋቿ ታሪክ ታነባለች፤ በየመሃሉ ሁለት ሦስት ዓይነት መልስ ይቀርብላታል፤ የመረጠችው መልስ ከታሪኩ ሰዎች የአንዱን ልብ ያቀርባል ወይም ያርቃል። መጨረሻው እንደ ምርጫዋ ሠርግ፣ መለያየት፣ አንዳንዴም ሞት ነው። ጃፓኖች ለሴቶች ተብሎ የሚሠራውን ዘርፍ ኦቶሜ ይሉታል።

አጎት፦ መቼም ይሄ የቲክቶክ ዘመን ፈጠራ ነው።

ልጅቷ፦ ያንተን ፕሌይስቴሽን ይቀድማል እንጂ! የመጀመሪያው ኦቶሜ «አንጄሊክ» ጃፓን ውስጥ የወጣው በፈረንጆቹ 1994 ሴፕቴምበር ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን ገበያ የወጣው በዚያው ዓመት ዲሴምበር። የሠራው ኮኤይ የሚባል፣ ያኔ በጦርነት ጌም የሚታወቅ ድርጅት ነው። መሥራቾቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየዋ ኬይኮ ኤሪካዋ ለሴት ተጫዋቾች የሚሠራ፣ ሴቶች የበዙበት ቡድን አቋቋመች። ስሙንም «ሩቢ ፓርቲ» አለችው።

አክስት፦ ታሪኩ ምንድን ነው?

ልጅቷ፦ አንዲት ተማሪ ንግሥት ለመሆን ከሌላ ልጅ ጋር ትወዳደራለች። ዘጠኝ ጠባቂዎች አሉ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ያግዟታል። ከመካከላቸው አንዱን ከወደደች ዙፋኑን ትታ አብራው ትሄዳለች። ካልወደደች ትነግሣለች።

አክስት፦ ዙፋን ወይስ ወንድ? ይኼን ጥያቄ ለንጉሥ ማን አቅርቦ ያውቃል?

ልጅቷ፦ እትዬ፣ እሱን እኮ ነው እኛም ግሩፕ ውስጥ የምንጨቃጨቀው!

መምህርቷ የነካችው የዘርፉን የልደት ምልክት ነው። ሴቶች ለሴቶች የሠሩት ጌም እንኳ ሴቲቱን ከሥልጣንና ከፍቅር አንዱን እንድትተው አድርጎ ነው የጀመረው። በዚያው ዓመት በሜይ ለወንዶች የቀረበው «ቶኪሜኪ ሜሞሪያል» ተማሪ ወንድ ልጅ የልጃገረዶችን ልብ እንዲማርክ ሲያደርግ ማንንም እንዲህ ያለ መስቀለኛ መንገድ ላይ አላቆመም። አሳታሚው ለሴቶች የሚሆነውን ቅጂ ያወጣው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው። አሳታሚው ደግሞ ኮናሚ ነው።

አጎት፦ ኮናሚ? የኳስ ጌሙ፣ የፔስ ኮናሚ?

ልጅቷ፦ ራሱ። ቤትህ ውስጥ ሲጮኽ የሚውለው ድርጅት ሌላ ሥራውም ፍቅር ነው።

አክስት፦ ደንበኞችህስ ፍቅር አይጫወቱም?

አጎት፦ ኧረ እታለም፣ የነሱ ነገር ኳስና ጥይት ነው።

ልጅቷ፦ ሳን አንድሪያስስ?

አጎት ዝም አለ። በ2004 የወጣው ይህ ጌም በአገራችን ጌም ቤቶች ትውልድ ያሳደገ ነው፤ መኪና መንጠቅና ከፖሊስ ማምለጥ ብቻ አድርገው የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው። ባለታሪኩ ሲጄ ግን ስድስት የሴት ጓደኞች ሊይዝ ይችላል። ራት ይጋብዛል፣ አበባ ይሰጣል፣ ጭፈራ ቤት ይወስዳል፤ የግንኙነቱ መጠን በመቶኛ ተለክቶ ይታያል። ግንኙነቱ ከፍ ሲል ሽልማት አለው። ጋራዥ ያላት ሚሼል መኪናውን በነፃ ትቀባለታለች። ነርሷ ኬቲ ሆስፒታል ሲገባ መሣሪያው እንዳይወሰድበት ታደርጋለች፤ ፖሊሷ ባርባራ ሲታሰር እንዲሁ። ሚሊ የቁማር ቤት መግቢያ ካርድ አላት።

አክስት፦ እንግዲህ አንዷ ጋራዥ፣ አንዷ ክሊኒክ፣ አንዷ ፖሊስ ጣቢያ። ሰው የትኛዋ ናት?

አጎት፦ ልጆቹ እሱን ክፍል አይነኩትም እኮ።

አክስት፦ ባይነኩትም አለ። ደግሞ አለመንካታቸው ምን ያስመሰግናቸዋል?

አጎት የተሸነፈ መምሰል አልፈለገም። ኳስ ጌሙ ውስጥ ሴቶች መኖራቸውን እሱው ራሱ አነሳ። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው ፊፋ 16 ዐሥራ ሁለት የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ይዞ መጣ፤ እሱ ቤት ግን አንድ ጊዜ እንኳ የመረጣቸው የለም። በ2023 «ኢኤ ኤፍሲ 24» ሴትና ወንድ ተጫዋቾች በአንድ ቡድን የሚሰለፉበትን አሠራር ሲያመጣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ወንድ ተጫዋቾች ተቆጡ፤ እውነተኛ አይመስልም አሉ። የአጎት ደንበኞችም ቪዲዮውን እያዩ የድርሻቸውን ተሳድበዋል። የሞቱ ተጫዋቾች ከዛሬዎቹ ጋር ሲሰለፉ ግን «እውነተኛ አይመስልም» ያለ አልተሰማም።

ወሬው ወደ ልጅቷ ስልክ የዞረው እዚህ ላይ ነው። አጎት የቴሌግራም ፕሮፋይሏን አይቶ «ይኼ ሜሲ ማን ነው?» አለ።

ልጅቷ፦ እኔ ነኝ።

አጎት፦ አንቺ የአርጀንቲና ደጋፊ ነሽ እንዴ?

ልጅቷ፦ ኳስ አላይም። ጌም ግሩፕ ውስጥ ስገባ የራሴን ፎቶ አድርጌ ነበር። «ይህን ምዕራፍ እንዴት አለፋችሁት?» ብዬ ጠየቅኩ። ስለ ምዕራፉ አንድ ሰው አልመለሰልኝም፤ ኢንቦክሴ ግን «ሰላም ቆንጆ»፣ «የት ሰፈር ነሽ?»፣ «ቁጥርሽን ላኪ» ሞላ። ዝም ስል ስድብ ሆነ። ሜሲን አደረግኩ፣ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ በደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው እርምጃ በእርምጃ አስረዳኝ። «ብሮ» እያሉ።

አጎት፦ ታዲያ ተሳካልሽ።

አክስት፦ ምኑ ነው የተሳካላት?

መምህርቷ ለዚህ የሚሆን ነገር ከሙያዋ አላጣችም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ የአማርኛ የመጀመሪያ ልቦለድ የሚባለውና ዛሬ «ጦቢያ» በሚል የምናውቀው ታሪክ ባለታሪኳን የወንድ ልብስ አልብሶ ነው መንገድ የሚያስወጣት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤት የወጣችው መነኩሴ መስላ ነው። ሁለቱም ደራሲዎች ወንዶች ናቸው፤ አንባቢያቸውም ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ አልጠየቀም፤ መንገዱ ለሴት እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል።

አክስት፦ እነሱ ሽፍታ ፈርተው ነው። አንቺ ምን ፈርተሽ ነው? ስለ ፍቅር የሚያወሩ ልጆችን?

ልጅቷ፦ ጦቢያ መጨረሻ ላይ ልብሱን ታወልቃለች። እኔ ሜሲን መቼ እንደማወልቅ አላውቅም።

አጎት፦ እሺ ተደበቁ እንበል። ስንት ናችሁ ታዲያ? ሁለት ሦስት ልጆች ስላሉ «ሴቶች ይጫወታሉ» አይባልም።

ልጅቷ ቁጥር አላጣችም። ኳንቲክ ፋውንድሪ የተባለ የአሜሪካ አጥኚ ድርጅት በ2017 ከ270,000 በላይ ተጫዋቾች የሞሉትን መጠይቅ መሠረት አድርጎ የየጌሙን ዓይነት የጾታ ድርሻ አውጥቷል። ተመሳሳይ ነገር በሚያገጣጥሙ ጌሞችና በእርሻና ቤተሰብ ጌሞች ሴቶች 69 ከመቶ ናቸው። በተኩስ ጌሞች 7 ከመቶ፣ በስፖርት ጌሞች 2 ከመቶ።

አጎት፦ ስፖርት 2 ከመቶ! ያው የኔ ቤት አይደል እንዴ? ደግሞ መጠይቁን የሞላው የፈለገ ሰው ነው፤ ሱሉልታ መጥቶ የጠየቀ የለም።

ልክ ነው፤ መጠይቁን የሞሉት በፈቃዳቸው ነው፣ ስለ ኢትዮጵያም የሚለው ነገር የለም። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፦ የሴቶች ድርሻ ከ2 ከመቶ እስከ 69 ከመቶ የሚዋዥቀው እንደ ጌሙ ዓይነት ነው። ኳስ ብቻ የሚያጫውት ቤት ከፍቶ ሴት የለም ማለት ክትፎ ቤት ከፍቶ በጾም ቀን ሰው ምግብ አይበላም እንደማለት ነው።

አክስት፦ ጌሙ ውስጥስ አንቺን የምትመስል አለች? ይኼ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ልጅቷ፦ የምጫወተውን ላሳይሽ። «ሚስቲክ ሜሰንጀር» ይባላል፣ በ2016 ቼሪትዝ የሚባል የኮሪያ ድርጅት ያወጣው ነው። ስልክሽ ላይ ልክ እንደ ቴሌግራም ነው የሚከፈተው። ሰዎቹ ይጽፉልሻል፣ ይደውሉልሻል። በእውነተኛው ሰዓት ነው የሚሄደው፤ አንዱ ወሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከተከፈተና ከተኛሽ አመለጠሽ። ያመለጠሽን ለመክፈት በጌሙ ገንዘብ መክፈል አለብሽ። እኔ የምከፍልበት ዶላር የለኝም፣ ስለዚህ እነቃለሁ። የሌሊት ፓኬጅም ይረክሳል።

አጎት፦ ለዚህ ነው ጠዋት የማትነሺው!

አክስት፦ እሷ ልጅ የታለች? ባለታሪኳ?

ልጅቷ ስልኩን አዞረችላት። ስዕሉ ላይ ያለችው ሴት ዓይን የላትም፤ ፀጉሯ ግንባሯን አልፎ ፊቷን ጋርዶታል። ይህ የአንድ ጌም ጉድለት አይደለም። ተጫዋቿ ሁሉ «እኔ ነኝ» እንድትል ሲባል ባለታሪኳን ፊት አልባ ማድረግ የዘርፉ የቆየ ልማድ ነው። ወንዶቹ እያንዳንዳቸው ፊት፣ ድምፅ፣ ልጅነት፣ ቁስል አላቸው። እሷ ስም እንኳ የላትም፤ ስሙን የምታስገባው ተጫዋቿ ናት።

አክስት፦ ሁሉም እንድትገባባት ብለው ባዶ ቤት አደረጓት።

ልጅቷ፦ ግን እትዬ፣ ባዶ መሆኗ ነው ደጋፊዎቹን ያሠራቸው። ፊት ይስሉላታል። አንዷ ጥቁር አድርጋ፣ አንዷ ሻሽ አስራ፣ አንዷ መነጽር አድርጋ። እኔ ሹሩባ የተሠራች አይቻለሁ። ድርጅቶቹም ያዩታል መሰለኝ፤ በ2024 የወጣው «ላቭ ኤንድ ዲፕስፔስ» ላይ የባለታሪኳን ፊት ራስሽ ነሽ የምትቀርጪው።

ባለታሪኳ ባዶ ብትሆንም ጌሙ ሌላ ሴት አለችው። ጄሂ ካንግ የአንድ ሀብታም ድርጅት ኃላፊ ረዳት ናት፤ ቀን ከሌሊት ትሠራለች፣ ምስጋና አታገኝም። ተጫዋቿ ከሌሎቹ አንዱን መርጣ እስከ ፍቅር እንደምትደርስ ሁሉ የእሷንም መንገድ መርጣ መከተል ትችላለች። መጨረሻው ግን ይለያል፦ ጄሂ ሥራዋን ትለቅና ከተጫዋቿ ጋር ቡና ቤት ትከፍታለች። ሌሎቹ ሁሉ አፍቃሪ ሆነው ሲጨርሱ ሴቷ የሥራ ሸሪክ ሆና ትቀራለች። ደጋፊዎች በዚህ ለዓመታት ተከራክረዋል። አንደኛው ወገን ሴት በመሆኗ ብቻ ፍቅር ተነፈጋት ይላል፤ ሌላው ደግሞ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አለቃዋን ትታ የራሷን ገቢ የጀመረች እሷ ብቻ ናት ይላል።

አክስት፦ እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ከዘጠኝ ጠባቂ አንድ ቡና ቤት።

አጎት የሚገርመው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ለስዕል እንዴት እንዲህ ይሆናል? ልጅቷ ይባስ የሚያስገርመውን ነገረችው። በቻይና በ2017 መጨረሻ በወጣው የፍቅር ጌም ውስጥ ሊ ዘያን ለሚባለው ገጸ ባሕርይ ልደት፣ በ2018 ጃንዋሪ አፍቃሪዎቹ ሸንዠን ከተማ ውስጥ የሕንፃ ላይ ማስታወቂያ ተከራይተው መልካም ልደት ብለውታል።

አጎት፦ የሌለ ሰውዬ!

አክስት፦ አርሴናል ሲሸነፍ ራት የማትበላው አንተ አይደለህም እንዴ? የሚያውቅህ ተጫዋች አለ?

ሳቅ ሆነ። የፍቅር ጌም ደጋፊዎች ግን ሁልጊዜ የሚያስቁ አይደሉም። በ2023 መጨረሻ ቻይና ውስጥ «ገርልስ ፍሮንትላይን 2» የተሰኘው ጌም ሲወጣ፣ ከሴት ገጸ ባሕርያቱ አንዷ ከሌላ ወንድ ገጸ ባሕርይ ጋር የተቀራረበች መስላ በመታየቷ ወንድ ተጫዋቾች እንደተካደ ባል ተነሱ። ድርጅቱ ይቅርታ እስከመጠየቅ ደረሰ። ሴቶቹም ከዚህ ቅናት ነፃ አይደሉም፤ የሚወዱት ገጸ ባሕርይ አጠገብ አዲስ ሴት በታየች ቁጥር ሠሪው ላይ ይወርዳሉ። ልዩነቱ ከዚያ ወዲያ ነው። የሴቶቹ ቁጣ ብዙውን ጊዜ ጌሙ ላይ ያርፋል፤ የወንዶቹ ከጌሙ አልፎ ሠሪዋ ሴት ጋ የደረሰበት ጊዜ አለ።

ጄኒፈር ሄፕለር «ድራጎን ኤጅ» የተባለውን ጌም ከጻፉት አንዷ ነበረች። በ2006 በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ ወሬውን መዝለል እንደሚቻል ሁሉ ውጊያውንም ዘሎ ታሪኩን ብቻ መከተል ለሚፈልግ ሰው ቢፈቀድለት ጥሩ ነው የሚል ሐሳብ ተናግራ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ያ ቃል ተቆፍሮ ወጣና ጌሙን በፍቅር ወሬ ያበላሸችው እሷ ናት ተባለ። ስድብና ዛቻ ወረደባት፤ ልጆቿም አልቀሩም። በቀጣዩ ዓመት ጌሙን ከሚሠራው ድርጅት ወጣች። ከዚያ በፊት፣ በ2011፣ አንድ ተጫዋች ጌሙ ሴት የሚወዱ ወንዶችን ችላ ብሏል ብሎ ሲያማርር የጽሑፉ ኃላፊ ዴቪድ ጌይደር ጌሙ የሁሉም ተጫዋች ነው፣ ብዙ ስለሆናችሁ የተለየ መብት የላችሁም የሚል መልስ ሰጥቶ ነበር። እሱ ተመሰገነ፣ ተነቀፈም፤ ሥራውን ግን ቀጠለ።

አጎት፦ ታዲያ እናንተ ለምን የራሳችሁን ግሩፕ አትከፍቱም?

ልጅቷ፦ ከፍተናል። አድሚኗ ከማስገባቷ በፊት «ድምፅ ላኪ» ትላለች። የወንድ ድምፅ ከሆነ አይገባም።

አክስት፦ ድምፅዋን ማሰማት የምትፈራዋስ?

ልጅቷ፦ እሷም አትገባም። በዚህ ተጣልተናል። ደግሞ ወንድም የሚጫወት አለ።

አጎት ጉሮሮውን ጠረገ። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ጎረምሳ ነው፣ ጠዋት ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ይመጣና «ስታርዲው ቫሊ» ያስከፍታል። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ለብቻው ሠርቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። ተጫዋቹ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከመንደሩ ሰዎች አንዱን በስጦታ ለምኖ ያገባል። ለጋብቻ የቀረቡት ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ስድስት ሴት፣ ስድስት ወንድ። ልጁ አንዷን ለማግባት ሳምንታት ፈጅቷል፤ የጋብቻ ጥያቄ ያቀረበላት ቀን አጎትን ጠርቶ አሳይቶታል። በር ላይ የሰው ድምፅ ሲሰማ ግን ቶሎ ብሎ ኳስ ይከፍታል።

አክስት፦ እሱም ሜሲን ይለብሳል ማለት ነው።

እውነትም የጌም ቤቱ ሕግ ሁለቱንም ነው የሚያስደብቀው። ሴቷ በመግባቷ ታፍራለች፤ ወንዱ ፍቅር በመጫወቱ። ያም ሆኖ የሁለቱ ዋጋ እኩል ነው ማለት ራስን መሸንገል ነው። ልጁ ቢያዝ ይሳቅበታል፤ ልጅቷ ከተያዘች ፎቶዋ ስክሪንሾት ተደርጎ የማታውቀው ግሩፕ ውስጥ ይዞራል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከብሔርና ከሃይማኖት ጋር ጾታንም ጠቅሷል። ይሁን እንጂ «የት ሰፈር ነሽ?» ተብላ ዝም ስላለች ለተሰደበች የጌም ተጫዋች ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚያመለክት ቤተሰብ የት ይገኛል? ከአዋጁ ይልቅ የሚቀርባት የግሩፑ አድሚን ነው። አድሚኑ አንድ ተሳዳቢ ካስወጣ ብዙዎች ይተነፍሳሉ።

አጎት፦ ቆይ፣ የኛ አገር ጌምስ?

የአገር ውስጥ ጌም አለ። ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው «ኩኩሉ» ከአሳዳሪዋ የምታመልጥ ዶሮ ሩጫ ነው፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ሁለቱም የሰው ታሪክ የለባቸውም። ፍቅር በአማርኛ የሚነበበው ሌላ ቦታ፣ ቴሌግራም ላይ ነው። «ክፍል 14 ይቀጥላል»፣ «200 ላይክ ከሞላ ቀጣዩን እንለቃለን» የሚሉ ቻናሎች ሞልተዋል። የመምህርቷ ተማሪዎች ከዴስክ ሥር የሚያነቡት እሱን ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያስገባ፣ «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት ስልክ የማያነሱ ቤቶች ነበሩ። ተመልካቹ በየማግስቱ ማን ማንን ማግባት እንዳለበት ይሟገት ነበር። የጌም ደጋፊዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ውጭ አገር ይህ ጉልበት ተቋም ሆኗል። በፈረንጆቹ 2007 የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ደጋፊዎች ከፊልምና ከጌም ተነስተው የሚጽፉትን ታሪክ የሚያስቀምጥ «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለ ትልቅ ቤተ መዛግብት አቋቁሟል። ኮዱን ከጻፉት ጀምሮ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በ2019 የሳይንስ ልቦለዱን ዓለም ታዋቂ ሽልማት ሁጎን አግኝቷል። የኛዎቹ የቴሌግራም ደራሲያን ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አይታወቅም።

ልጅቷ፦ እኔ አንድ ጀምሬያለሁ። በሬንፓይ።

አክስት፦ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?

ልጅቷ፦ የታሪክ ጌም መሥሪያ ነው፤ ከ2004 ጀምሮ ያለ፣ ነፃ። በዓለም ብዙ ሰው የተጫወተው «ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብ» በሱ ነው የተሠራው። የግዕዝ ፊደል አስገባሁበት፣ ይሠራል። የቸገረኝ ሌላ ነው። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ታሪኩ ውስጥ ያለው ልጅ ተጫዋቹን «ደህና መጣህ» ይበል ወይስ «ደህና መጣሽ»?

አጎት፦ እንግሊዝኛው ላይስ?

ልጅቷ፦ እንግሊዝኛው አይለይም። እኔ ግን እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ መጻፍ አለብኝ። ሲሰለቸኝ ሁሉንም «አንተ» ላድርገው ብዬ ነበር።

አክስት፦ አስበሽውም ነበር?

ልጅቷ፦ የለመድኩት እሱ ነዋ! «ብሮ» እየተባልኩ አይደል የምኖረው። ደግሞ የሰበታ ጓደኛዬ በአፋን ኦሮሞ ልትተረጉመው ስትሞክር ችግሩ የለባትም፤ «አቲ» ለሁለቱም ይሆናል፣ ግሡም አይለወጥም። ያንን ሳይ ተናደድኩና አማርኛውንም ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ።

አጎት፦ ባለታሪኳስ? ዓይን አላት?

ልጅቷ፦ አላት። ሥራም አላት። ዘነበወርቅ ላይ ለሰበታ ታክሲ ተራ የምታስከብር ልጅ ናት። ከሦስት ሰው ጋር መቀራረብ ትችላለች፤ ማንንም ካልመረጠችም ታሪኩ ያልቃል እንጂ ተሸነፍሽ አይላትም።

አጎት ለተወሰነ ጊዜ አሰበ። «ሲያልቅ እኔ ቤት እናስገባው» አለ።

ልጅቷ፦ ማን ይጫወተዋል?

አጎት፦ ያ ልጅ አለ አይደል። ጠዋት ጠዋት።

አክስት፦ ጠዋት ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁሉም ባለበት አንድ ቴሌቪዥን ላይ ክፈተው። ልጅቷም ትምጣና አጠገቡ ትቀመጥ። በራሷ ስም።

አጎት የቅዳሜ ከሰዓት ገቢውን እያሰበ አልመለሰም።

ይህን የሚያነቡ የቴሌግራም ደራሲያን ካሉ አንድ ቃል፦ ሬንፓይ በነፃ ይወርዳል፣ የግዕዝ ፊደልም በነፃ ይገኛል፣ አፋን ኦሮሞ ደግሞ የተለየ ፊደል አይፈልግም። በየቀኑ የምትለቁትን «ክፍል 14» ወደ ጌም ለመለወጥ የሚጎድላችሁ ስዕል የሚሠራ አንድ ጓደኛ ነው። ስትጀምሩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጫዋቹን «አንተ» ልበልህ ወይስ «አንቺ» ልበልሽ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ገጽ አክብሩት።